እንቅልፍማ ቤትም አለ

አጭር ምቾት ያደክማል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከአክስቴ ነው፤ አክስቴ ከልጇ፣ ልጇ ደግሞ ከመርከብ ላይ።

ልጇ የሚኖረው ፍሎሪዳ ነው። እዚያ ከፖርት ካናቬራል ወደብ ዓርብ ተነስተው፣ ባሃማስ ደርሰው፣ ሰኞ ጠዋት የሚመለሱ የመዝናኛ መርከቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው ግዙፏ «ዩቶፒያ ኦፍ ዘ ሲስ» ሳትቀር የተሰማራችው ለዚሁ ለሦስትና ለአራት ሌሊት ሽርሽር ነው። ልጁ ዓመት ሙሉ ቆጥቦ አንዷ ላይ ስዊት ያዘ። ስዊት የያዘ ሰው ሳይሰለፍ ይሳፈራል፤ ለብቻው በተከለለ ምግብ ቤት ይመገባል፤ ቲያትር ቤቱ ውስጥ ጥሩ ወንበር ይጠበቅለታል፤ ክፍሉ የላቀ ከሆነም ሻንጣ የሚፈታለት፣ ቡና የሚያመላልስለት አሳላፊ ይመደብለታል። ይህ ሁሉ ለአሥራ አምስት ቀን ቢሆን ደግ ነበር። ሦስት ሌሊት ግን ሲመነዘር ያንሳል። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ በመሳፈር ያልቃል፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ገና በማለዳው ውረዱ ይባላል። በመካከል የሚቀረው ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን፣ ያ ሁሉ ጥቅማ ጥቅም፣ አንድ ሆድ።

ልጁ እንደተመለሰ በቪዲዮ ደወለ። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ምነው ከሳህ?» አለችው አክስቴ።

«እረፍት ሄጄ ነበር፣ እማዬ።»

«ታዲያ አረፍክ?»

«መቼ ጊዜ አግኝቼ! ቁርስ ሁለት ቦታ ነው የምበላው፤ አንዱ የሁሉም ነው፣ አንዱ የስዊት። ከዚያ የሞቀ ውኃ ገንዳ አለ፣ ከዚያ ልብስ በነፃ ይተኩሱልሃል ሲሉኝ ያልተጨማደደውንም ሰጠኋቸው…»

አክስቴ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። «ጎበዝ ልጅ ነው» አለችኝ፤ «የከፈለበትን አልተወም።»

አክስቴ ሱቅ ያላት ሞያሌ ነው፣ ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ። ለማያውቀው፣ ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ወዲያ ማዶ መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፣ ወዲህ ግራውን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መጥተው የጋራ የድንበር ጣቢያውን መርቀዋል፤ ቀድሞ ሁለት አገር ይሰለፍ የነበረ ሰው አሁን ሁለቱንም ሰልፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ይጨርሳል። እንጀራውም ቻፓቲውም በሁለቱም ወገን ይገኛል። ባሕር ግን በየትኛውም የለም። ውኃ ራሱ ብዙ ቤት የሚገባው በቢጫ ጀሪካን ነው። የሞያሌ ሰው መርከብ እንግዲህ የናይሮቢ አውቶቡስ ነው፤ የአውቶቡሱ ስዊት ደግሞ ቪ.አይ.ፒ.

ቪ.አይ.ፒ. ማለት ከሹፌሩ ጀርባ ያሉት ጥቂት ረድፎች ናቸው። ወንበራቸው ሰፊ ነው፤ ወደ ኋላ ይተኛል፤ እግር መዘርጊያ አለው፤ ከእጅ መደገፊያው ሥር ስልክ መሙያ ቀዳዳ አለ። ውኃና ብስኩት ይታደላል፣ ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ ዋይፋይ አለ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የዋጋው ልዩነት ጥቂት መቶ ሽልንግ ነው። ከኋላ እንደ እኔ ያለው ተራ ተሳፋሪ አለ፤ በመሐል መጋረጃ።

ወደ ናይሮቢ ስንሄድ አክስቴ ለራሷ ቪ.አይ.ፒ.፣ ለእኔ ተራ ቆረጠች። «ሁለታችንም ምን ያደርግልናል? አንዱ ይበቃናል» አለች። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ትታማለች። ስስታም አይደለችም። ሱቋ ደጃፍ ላይ የማያውቃት ሰው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ግን ከፍላ የተወችው ነገር ሌሊት ይቀሰቅሳታል። አንድ ጊዜ ሞምባሳ ወርዳ የሊኮኒን ጀልባ ተሳፍራ ነበር፤ እግረኛ በነፃ ነው የሚሻገረው፣ ጉዞውም ገና ቆመው ሳይደላደሉ ያልቃል። አልወደደችውም። ባሕሩ አይደለም ያስከፋት፤ ትኬት ስላልቆረጠች የምትጠይቀው መብት አለመኖሩ ነው። በተቃራኒው አንድ የአዲስ አበባ ዘመዳችን በአየር መንገዳችን የቢዝነስ ክፍል፣ በክላውድ ናይን፣ ወደ ናይሮቢ ሲበር፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ለሚፈጅ በረራ ቦሌ ላውንጅ ገብቶ ግማሽ ቀን መቀመጡን ስትሰማ «እሱ ነው ሰው!» ብላለች።

የተነሳነው ቅዳሜ ማታ ነው። ትኬቱ ላይ 8 ሰዓት ይላል፤ ረዳቱ ግን በአፉ «ሳ ምቢሊ» አላት፣ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ስዋሂሊም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ፣ አክስቴ ወረቀቱን ትታ ረዳቱን አመነች። ያም ሆኖ በአሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያው ደረስን። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሹፌሩ የለም። ወንበሯ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ማማ፣ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል» አላት ረዳቱ።

«ወንበሩ የኔ አይደለም እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ያንቺ ነው።»

«ታዲያስ።»

ወንበሯን ወደ ኋላ አስተኛችው፤ አቃናችው፤ እንደገና አስተኛችው። ከኋላዋ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ሙከራ በጉልበቴ ተከታትያለሁ።

ከመተላለፊያው ተሻግሮ ባለው ባለ አንድ ሰው ወንበር ላይ፣ ማለትም አውቶቡሱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ምርጥ በሚባለው ላይ፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡ። በትራቸውን ከጎናቸው አስደገፉ። ጥምጥማቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉ። የሞያሌ መብራት ከኋላችን ሳይጠፋ ተኙ። ብስኩቱ ሲታደል ረዳቱ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው፤ ውኃውን ከጎናቸው ወሸቀው፤ ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ ቀረ።

አክስቴ ይህን አይታ ሰላም አጣች። ለእሷ ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ሁለት ጉዞ ነበር፤ የራሷና የሽማግሌው። ደጋግማ በመጋረጃው እየመጣች ታሳውቀኛለች። «አልነኩትም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «አሁንም አልነኩትም።»

የራሷን በተመለከተ የሚታማ የለባትም። አየር ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ስትንቀጠቀጥ ጋቢዋን ደረበች፤ ጋቢው ሲያንሳት ብርድ ልብሱን ጨመረች። ዝጊው ብላት «ምን ልዝጋ፣ ተከፍሎበታል» አለች። ስክሪኑ ላይ የናይጄሪያ ፊልም መጣ፤ ቋንቋውን ሳታውቅ ዳር አደረሰችው፤ ክፉዋ አማት ስትጋለጥም ደስ አላት። ዋይፋዩን በተመለከተ ከረዳቱ ጋር የተነጋገሩትን ከመጋረጃው ማዶ ሰማሁ፤

«የኔ ልጅ፣ ዋይፋዩ የለም።»

«አለ፣ ማማ።»

«ልጄ ጋ ልደውል ብል እምቢ አለኝ።»

«ዋይፋዩ አለ። ኢንተርኔቱ ነው የሌለው።»

ድዳ ጋልጋሉ የሚባለው ሜዳ ላይ ነበርን፤ ጨለማና ድንጋይ ብቻ። ለነገሩ እዚያ ኢንተርኔት ቢኖር የሚገርመው እሱ ነበር።

ከሁሉ የተጠቀመችበት ግን የስልክ መሙያውን ነው። መጀመሪያ የራሷን ሰካች። ቀጥላ የእኔን በመጋረጃው ተቀበለች። ይህን ያየች ከአጠገቤ የተቀመጠች እናት የሷን ሰጠችኝ፣ እኔም ለአክስቴ አቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ከኋላ ወንበሮች ስልክ በእጅ እየተላለፈ ይመጣ ጀመር። አክስቴ ተራ ያዘችላቸው፤ የማን እንደሆነ እንዳይምታታባትም እያንዳንዱን በጭኗ ላይ በየቅደም ተከተሉ ደረደረች። ገንዘብ አልተቀበለችም፣ ይህ ይጻፍላት። ነገር ግን ከኋላ ወደ ፊት የተቀቀለ እንቁላል፣ ቴምርና ማንዳዚ ይሄድ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ቪ.አይ.ፒ.ዋ የምትበላውን በልታ፣ የተረፈውን ወደ ተራው ክፍል ታሳልፍ ጀመር። ልጇ እንደሚለው መርከብ ላይ ይህ ክልክል ነው፤ የስዊቱን ምግብ ቤት በር የሚያስከፍተው የስዊት ካርድ ነው፣ ወዳጅህን ይዘህ አትገባም። የሞያሌ መጋረጃ ግን ካርድ አይጠይቅም።

ካርድ የሚጠይቀው ፖሊስ ነው። በዚያ መንገድ ኬላ ይበዛል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሁላችንም መታወቂያና ፓስፖርት ይዘን እንወርዳለን፣ በመብራት ፊታችንን ያያሉ፣ እንወጣለን። ቪ.አይ.ፒ.ው እዚህ ላይ ያለው ጥቅም ለበሩ ቅርብ መሆኑ ነው፤ ቀድሞ ወርዶ ቀድሞ ይበርደዋል። አክስቴ ይህችንም አልተወቻትም፤ በየኬላው የሰልፉ ፊት ነበረች። ሽማግሌው ከኋላዋ ይወርዳሉ፣ መታወቂያቸውን ያሳያሉ፣ ተመልሰው ጥምጥማቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን በደንብ ሲገልጡ ያየሁ አይመስለኝም።

ማርሳቢት የደረስነው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ተራራማ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ ከበረሃው ወጥቶ ድንገት ደን ውስጥ መግባት ግራ ያጋባል። ወተት የበዛበት የኬንያ ሻይ እየጠጣን ለአክስቴ ስለ አሕመድ ነገርኳት። አሕመድ የማርሳቢት ዝሆን ነበር፤ ጥርሱ ርዝመቱ ለጉድ ነው። አዳኞች እንዳይገድሉት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ በልዩ ድንጋጌ ከለላ ሰጡት፤ ጠባቂዎች ተመደቡለት። በ1974 በተፈጥሮ ሞት እስኪሞት ድረስ በአዋጅ የሚጠበቅ ዝሆን ነበር፤ በቁመቱ ልክ የተሠራ ሐውልቱ ዛሬ ናይሮቢ ሙዚየም ቆሟል። ኬንያ ውስጥ ቪ.አይ.ፒ. የሚባል ካለ እሱ ነው አልኳት።

«አራት ዓመት!» አለች። «ከነጠባቂው!»

«አዎ።»

«ታዲያ በአራት ዓመት ምን አደረገበት?»

«ቅጠል በላ።»

ሻይዋን አስቀመጠች። «ቅጠሉንማ ቀድሞም ይበላ ነበር» አለች፤ ወደ አውቶቡሱ ስንመለስም በሽማግሌው ላይ ደርባ በዝሆኑም ታዝን ነበር።

እንዲህ ያለ ጠባይ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከመንገዱ ነው ባይ ነኝ። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሙሉ አስፋልት የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አስፋልቱ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ድረስ ይመጣና ድንበሩ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኛም አዘውትረን ባንኩራራበት ነበር የሚገርመው። ከድንበሩ ወዲህ ኮረኮንች፣ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ፣ ሽፍታም አይጠፋም ነበር። የሚጓዘው በከብት ጭነት መኪና ነበር። ከብቶቹ ከታች፣ ሰዉ ከላይ፣ በብረቱ ቋሚና አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ፤ ሁለት ሦስት ቀን። የዚያ መኪና ስዊት ጋቢና ነበረች። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀንድ አይወጋውም፣ ፀሐይ አናቱን አትመታውም፣ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ አብሮ ይጠጣል።

አክስቴ በወጣትነቷ ጋቢና ሄዳለች። ሲነግሩት ምቾት ይመስላል። ግን ጋቢና የራሷ ግዴታ አላት፤ ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ ማውራት። ሌሊቱን ሙሉ አወራችለት። ወሬ ሲያልቅባት የሰው ሠርግ ዘረዘረች፣ ሠርጉ ሲያልቅ የዘመድ አዝማድ ፍርድ ቤት፣ ያ ሲያልቅ የወጥ አሠራር። ከላይ ያሉት በአግዳሚው ላይ ተቃቅፈው ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ትልቁን የከፈለችው እሷ ዓይኗን አልከደነችም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በእሷ ቤት ትልቅ መክፈልና መተኛት አብረው አይሄዱም።

ኢሲዮሎን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ነጋ። በግራ በኩል የኬንያ ተራራ ከደመናው ብቅ አለ፤ 5,199 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን ይበልጣል፤ ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም፣ ጠዋት ሰው አይከፋም። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ስናቋርጥ ግን ምልክቱን አይታ ራሷ ተነሳች። ልጇ፣ መርከበኞች የምድር ወገብን ሲያቋርጡ ድግስ አላቸው፣ አዲሱን ሰው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል ብሎ ነግሯት ኖሯል።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ ምን ይሰጣል?»

«የት ላይ፣ ማማ?»

«ወገቡ ላይ።»

ረዳቱ ምስኪን ነው፤ አሰበ፣ አሰበ፣ ከፊት ሄዶ ሁለተኛ ብስኩት አመጣላት። ልነከር እንዳትልም ለመናት መሰለኝ።

በዚህ መሐል ሽማግሌው ነቁ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ዙሪያቸውን አዩ፤ እፎይ አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብላቸው የነበረች ሴት ልትታገስ አልቻለችም።

«አባባ፣ ደህና አደሩ? ምነው እንዲህ ተኙ? ፊልም ነበረ፣ ሻይም ነበረ፣ ይኸው ብስኩቱን እንኳ አልነኩት።»

ሽማግሌው አማርኛ ያውቃሉ፤ ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። «እኔ በወጣትነቴ ከብት ነጋዴ ነበርኩ» አሉ። «በዚህ መንገድ ከበሬዎቼ በላይ ብረት ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ብተኛ እወድቃለሁ፤ ብወድቅ ቀንድ ላይ ነው። ያኔ ያልተኛሁትን ዛሬ ከፍዬ ተኛሁ።»

«እንቅልፍማ ቤትም አለ፣ አባባ።»

«ቤት የልጅ ልጆች አሉ» አሉ።

አክስቴ የምትመልሰው አጣች፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይደርስባትም። ሽማግሌው ብስኩቱን፣ ውኃውንና በላስቲክ ያለውን ብርድ ልብስ አንስተው ሰጧት። ብርድ ልብሱን ለረዳቱ መለሰች፤ ብስኩቱ ለእኔ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጥምጥማቸውን መልሰው ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ቁልቁለት ነው፤ የሚወራ የለውም፣ አናናስና ቡና ያለበት አገር ነው። ነገሩ የሆነው ከቲካ ናይሮቢ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ስለነበር ያ በሥራ ቀን ሰውን የሚያንገላታ ሰፊ መንገድ ጭር ብሏል። ሹፌሩም ረገጠው። አምስት ሰዓት ትገባላችሁ የተባልነው ሰዎች ልክ አራት ሰዓት ላይ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ቆምን። ተሳፋሪው «አላህ ይመስገን» «እግዜር ይመስገን» እያለ፣ ከአክስቴ ጭን ስልኩን እየለቀመ ወረደ። ሽማግሌውም በትራቸውን ይዘው፣ ፊታቸው ታጥቦ የተነሣ መስሎ፣ ወረዱ። አክስቴ አልተነሣችም።

«ማማ፣ ደርሰናል።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት።»

«ስንት ሰዓት እንገባለን ነበር ያልከኝ?»

ረዳቱ ወደ እኔ አየ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

«አምስት» አለ።

«ታዲያ አንዷ ሰዓት የማን ናት?»

ሊያስረዳት ሞከረ። ቶሎ መድረስ ጥሩ ነገር ነው አላት። ጥሩ ነው አለች፤ ለተራው። ሹፌሩን ጠራው፤ ሹፌሩ ነገሩን ሰምቶ ሳቀና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሻንጣችን አስፋልት ላይ ወርዷል፤ በርበሬውና ሽሮው ከነከረጢቱ መንገደኛውን ያስነጥሳል፤ የኢስሊ ባለጋሪዎች እንጫን እያሉ ይከቡኛል። ረዳቱ መጨረሻ ላይ መጥረጊያውን አንሥቶ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ይጠርግ ጀመር። እሷ ጋ ሲደርስ እግሯን አነሣችለት። ሥሩን ጠረገ፣ እግሯን መለሰች።

ወጥቼ በጆሮዋ «ኧረ በሕግ፣ ሰው ያየናል» አልኳት።

«ይየን» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ የሰው ስልክ ስሞላ የኔ ዘጠና ላይ ቀርቷል።»

መቶ ሲሞላ ነቅላ ወረደች።